የኮራል ገንዳ ሳንባ፦ በአዲስ አበባ ፕሮቲን ስኪመር እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይያዛል?

ቅቤ ሲነጠር አጠገቡ የቆመ ሰው ስኪመር ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድስቱ ሲንተከተክ አረፋው ጉድፉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ በማንኪያ ይገፈፋል፤ ከሥር ጥርት ያለው ይቀራል። ፕሮቲን ስኪመርም የጨው ውኃን በዚሁ መንገድ ይገፍፋል። አረፋውን የሚያስነሳው ግን እሳት ሳይሆን በፓምፕ የተከታተፈ አየር ነው።

ይህን የምጽፈው ልደታ አካባቢ ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ 120 በ50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ የኮራል ገንዳ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ስለ ስኪመር የሚነገረው ምክር አብዛኛው የባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚኖር፣ መብራት ለማይጠፋበትና ሳሎኑ ውስጥ ከሰል ለማይነድበት ሰው የተሰጠ ነው። እኛ ጋ ሦስቱም ይለያሉ፤ ሦስቱም ምርጫውንም አያያዙንም ይለውጡታል።

ምን ያወጣል፣ ምን አያወጣም

ከምግብ ትርፍራፊ፣ ከዓሣ ኩስና ኮራል ከሚያመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚመጡት ብዙዎቹ ሞለኪውሎች አንደኛው ጫፋቸው ውኃ ይወዳል፣ ሌላኛው ውኃ ይሸሻል። አየር ሲያገኙ የሚሸሸውን ጫፍ ወደ አየሩ፣ የሚወደውን ወደ ውኃው አዙረው የአረፋው ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ። አረፋው እየደቀቀ በሄደ ቁጥር የሚለጠፉበት ቆዳ ይሰፋል። በጨው ውኃ ውስጥ ደቃቅ አረፋዎች ሳይዋሐዱ ይቆያሉ፤ ጨው በሌለው ውኃ ግን ቶሎ ተዋሕደው ያብጡና ይፈነዳሉ። ስኪመር ለወርቃማ ዓሣ ገንዳ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከስኪመር ተአምር መጠበቅ የለብዎትም። ቀድሞ የተፈጠረን ናይትሬትና ፎስፌት አያወጣም፤ ወደዚያ ሊበሰብስ የነበረውን ነገር ነው ቀድሞ የሚያነሳው። ያንንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያነሳም። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ሳሉ ኬን ፌልድማን በ2009 እና በ2010 ባወጧቸው ሙከራዎች፣ የተፈተኑት ስኪመሮች ውኃው ውስጥ ከነበረው ኦርጋኒክ ካርቦን ያወጡት ከ20 እስከ 35 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በውድና በርካሽ ስኪመሮች መካከል የታየው ልዩነትም ሰው እንደሚገምተው ሰፊ አልነበረም። ለእኔ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ገንዘብ ስላነሰ ኮራል ማኖር አይቻልም ማለት አይደለምና።

አሁን ወደ ሳንባነቱ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35 የሆነ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይዞ ይጠግባል። እዚህ ግን ጠግቦም 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሌሊት የገንዳው መብራት ሲጠፋ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ኦክስጅን መሥራታቸውን ያቆማሉ፤ ዓሣው፣ ኮራሉና ባክቴሪያው ግን መተንፈሳቸውን አያቆሙም። ስለዚህ በሰዓት በመቶ የሚቆጠር ሊትር አየር ከውኃ ጋር የሚያቀላቅል ዕቃ እዚህ ከተማ ከመጥረጊያነቱ ይልቅ በሳንባነቱ ይበልጥ ይፈለጋል። ድምፁን በመሸሽ ሌሊት የሚያጠፉትን ሰዎች ሳይ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

መጀመሪያ ገንዳዎ ስኪመር ይፈልግ እንደሆነ ይወስኑ። ከ80 ወይም ከ100 ሊትር በታች የሆነና አንድ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ብቻ ያሉት ገንዳ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውኃውን ቢቀይሩለትና ላይኛው ገጽ በደንብ እንዲናወጥ ቢያደርጉ ያለ ስኪመር ይኖራል። ገንዘቡን ለጥሩ የውኃ ማጣሪያ ቢያውሉት ይሻላል።

ገንዳው ከዚያ በላይ ከሆነ ልኩን ያስሉ። ርዝመቱን በወርዱና በቁመቱ በሴንቲሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ የእኔው 300 ሊትር ይመጣል። ድንጋዩና አሸዋው የሚይዙትን ቦታ ይቀንሱ፤ ከሥር ያለው ገንዳ፣ ማለትም ሳምፑ፣ የሚይዘውን ይጨምሩ። ከዚያ የስኪመሩን ሳጥን ይመልከቱ። ብዙዎቹ አምራቾች ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ይጽፋሉ፦ ዓሣው ጥቂት ሲሆን፣ መካከለኛ ሲሆን፣ ሲበዛ። ሻጩ የሚጠራልዎት ትልቁን ነው፤ እርስዎ የሚገዙት ግን በትንሹ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ግማሹን ይውሰዱ። የሚስበው የአየር መጠን ከተጻፈ ደግሞ ከሊትሩ በላይ እርሱን እመኑ እላለሁ፤ 300 ሊትር ለሚሆን ገንዳ በሰዓት ከ400 እስከ 600 ሊትር አየር የሚስብ ይበቃል።

ከልክ በላይ ትልቅ መግዛትም ስሕተት ነው። ሰፊ አንገት (አረፋው ወደ ላይ የሚወጣበት ቱቦ) ያለው ስኪመር ጥቂት ዓሣ ባለበት ገንዳ ላይ ሲተከል አረፋው አንገቱን ሞልቶ የሚያቆመው ቆሻሻ አያገኝም። ወደ ላይ ይሞክራል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ዋንጫው ውስጥ፣ ማለትም ከአንገቱ በላይ ባለው የቆሻሻ መሰብሰቢያ ውስጥ፣ የሚጠራቀም ነገር አይኖርም። ወደፊት ለሚሠሩት ትልቅ ገንዳ ብለው ዛሬ አይግዙ።

ቀጥሎ ሜትር ይያዙና ካቢኔቱን ይለኩ። ሦስት ልኬት ያስፈልጋል፦ ስኪመሩ የሚቆምበት ስፋት፣ ዋንጫውን ወደ ላይ ነቅሎ ለማውጣት ከላይ የሚቀረው ክፍተት (ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር፣ 10 ቢሆን ይመረጣል) እና በሳምፑ ውስጥ ያለው የውኃ ጥልቀት። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። አብዛኞቹ የሳምፕ ስኪመሮች ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ አንድ የተወሰነ ጥልቀት ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው በመመሪያቸው ላይ ተጽፏል። ውኃው ከዚያ ከበለጠ ስኪመሩን ከፍ የሚያደርግ መደብ በፕላስቲክ መረብ መሥራት ይቻላል፤ ካነሰ ግን ሳምፑን ራሱን መለወጥ ነው።

ከዓይነቶቹ መካከል ዛሬ ምርጫው ቀላል ነው። በእንጨት የአየር ድንጋይ (አየር ሲገፋበት ደቃቅ አረፋ በሚያወጣ ቁራጭ እንጨት) የሚሠራው ርካሽ ቢሆንም ድንጋዩ በየጥቂት ሳምንቱ መቀየር አለበት፤ እዚህ ደግሞ ድንጋዩን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሳምፕ ለሌለው ገንዳ ከጀርባ የሚንጠለጠል አለ። ለቀረው ሁሉ ኢምፔለሩ (በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል) ጥቃቅን ጥርሶች ያሉትና አየሩን እየከታተፈ የሚያደቅቀው በሳምፕ ውስጥ የሚቀመጥ ስኪመር ጥሩ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ጠበቅ ብዬ ልናገር። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞልን የሚመጣው ስኪመር ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርትዝ የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነው። ተራ የኤሲ ፓምፕ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢወርድለት እንኳ በ50 ኸርትዝ ላይ ከሚገባው በዝግታ ይዞራል፤ የሚስበው አየርም ይቀንሳል። ከዱባይ የሚመጣው በዚህ በኩል ችግር የለበትም፤ የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው የሚለየው። ከሁሉም የምመክረው ግን በዲሲ ፓምፕ የሚሠራውን ነው። አዳፕተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሲል አይደነግጥም፤ ፍጥነቱም በእጅዎ ነው። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይሰኩ።

በመጨረሻም መለዋወጫ። ስኪመሩን በሚገዙበት ቀን አንድ ትርፍ ኢምፔለርና የጎማ ቀለበቶች አብረው ይግዙ። ቱቦ፣ ማሰሪያና የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መርካቶ ሞልቶ ተትረፍርፏል፤ ኢምፔለር ግን ከተሰበረ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

አተካከል

አዲስ ስኪመር ከፋብሪካው ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ቅባት ደግሞ የአረፋ ጠላት ነው። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው ሁሉንም ክፍል ይጠቡ፤ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁ። ሳሙና እንዳያስነኩት። የመጨረሻው ማለቅለቂያ በአርኦ ማጣሪያ (ውኃውን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያለፈ ውኃ ይሁን፤ ከሮቶ የሚወርደው ክሎርንም ደለልንም ሊይዝ ይችላል።

በሳምፑ ውስጥ የውኃው ከፍታ በማይለዋወጥበት ክፍል ያስቀምጡት። ከገንዳው በትነት የሚጎድለውን ውኃ በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ከሌለዎት በየቀኑ ጠዋት በእጅዎ ይሙሉ፤ ሁለት ሴንቲሜትር ሲጎድል የስኪመሩ አረፋም አብሮ ይወርዳል። የስኪመሩን የውኃ መውጫ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ያስነሱት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይ ምንም አረፋ አያወጣም፣ ወይ ውኃ ያንዶለዱላል። ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይታገሡት፤ ግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን እስኪይዝ ድረስ ነው። ከዚያ መውጫውን በጥቂቱ እያጠበቡ አረፋውና ውኃው የሚለዩበትን መስመር የአንገቱ ሥር ላይ ያድርሱ። አንድ ጊዜ ካስተካከሉ አንድ ቀን ሙሉ አይንኩት። በሰዓት ሦስት ጊዜ የሚነካካ ሰው መቼም ልኩን አያገኝም።

የሚስበው አየር

ስኪመር የሚስበው የቤትዎን አየር ነው። ይህን ለመረዳት እኔ አንድ እሑድ ፈጅቶብኛል። እንግዶች መጥተው ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ከአቦል እስከ በረካ ከሰሉ ሲነድ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ብርድ ስለነበር መስኮቱ ተዘግቶ አመሸን። ጠዋት 8.1 የነበረው የገንዳው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ማታ 7.8 ሆኖ አገኘሁት። ከሰሉና በክፍሉ የሞላው ሰው የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኪመሩ ሲስብ ውሎ ውኃው ውስጥ ሲያሟሟው ነበር። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ፒኤች ሲወርድ ሥራው ይከብደዋል።

መፍትሔው ቡናውን መተው አይደለም። የስኪመሩን የአየር ቱቦ አስረዝመው ወደ ውጭ ያውጡት። ረጅምና ቀጭን ቱቦ አየሩን ስለሚያንቀው ከስኪመሩ አፍ ሰፋ ያለ ቱቦ ይጠቀሙና ጫፉ ላይ ብቻ በመገጣጠሚያ ያጥብቡት። በመንገዱ በኩል አያውጡት፤ የታክሲና የአውቶቡስ ጭስ ገንዳ ውስጥ የሚፈለግ ነገር አይደለም። የእኔው በጓሮው በኩል በመስኮቱ ጥግ ወጥቶ ጫፉ ወደ መሬት ተቀልብሷል፤ ክረምት ሲገባ ዝናብ እንዳይገባበት፣ አፉም በነፍሳት መከላከያ መረብ ታስሯል። ይህን ካደረግሁ ወዲህ የቡና ቀንና ሌላው ቀን በፒኤች መለኪያው ላይ አይለዩም።

ከጭሱም የከፋ አለ። የበረሮ ወይም የወባ ትንኝ መርጫ ለሽሪምፕ፣ ለሸርጣንና ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነው፤ ስኪመር ደግሞ አየሩን ከውኃው ጋር አሳምሮ ያቀላቅለዋል። ገንዳው ባለበት ክፍል አይረጭ። ቤት የሚያጸዳ ሰው ካለ ይህን አስቀድመው ይንገሩ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ከላይኛው ገንዳ የተወሰነ ውኃ ወደ ሳምፑ ይወርድና ከፍታው ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሳንባው ይቆማል። ብዙ ሰው ስኪመሩን በዩፒኤስ ማቆየት ይመርጣል። ይህ ግን ውኃውን ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕም አብሮ ካልሠራ ሳምፑን ብቻ ነው የሚያተነፍሰው፤ ዓሦቹ ያሉት ከላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው በባትሪ የሚሠራና መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ የአየር ፓምፕ ነው፤ ድንጋዩ ላይኛው ገንዳ ውስጥ ይጣል። በዚህ ከፍታ ዓሣ የበዛበት ገንዳ ያለ አየር ሌሊቱን ላያድር ይችላል።

መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ስኪመሩ ከፍ ብሎ በቆየው ውኃ ውስጥ ይነሳና ያብዳል። አንድ ጊዜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጥቶ ጠዋት ስነሳ፣ ሳልደፋው ያሳደርሁት የሦስት ቀን ጥቁር ፈሳሽ በዋንጫው ጠርዝ ገንፍሎ ሳምፑን የቡና አተላ አስመስሎት አገኘሁ። ኮራሎቹ ለሁለት ቀን ተሸብሽበው ቆዩ። መድኃኒቱ ቤት ሁሉ ያለ ነገር ነው፦ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስተላልፈው የፍሪጅ መከላከያ። ስኪመሩን በእርሱ በኩል ይሰኩት፤ መመለሻ ፓምፑን ግን ለብቻው በሌላ ሶኬት። ፓምፑ ውኃውን ወደ ላይ መልሶ ሳምፑ ልኩ ላይ ሲደርስ ስኪመሩ ይነሳል። ዋንጫውም ማፍሰሻ ካለው በቱቦ ክዳን ወዳለው ትልቅ ጀሪካን ያገናኙት፤ ክዳኑ ላይ ለአየር ማስወጫ ቀዳዳ መብሳት አይርሱ።

ጽዳት

የስኪመር ጽዳት ጥቂት ጥቂት እየተባለ ቶሎ ቶሎ የሚሠራ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የአንገቱ ውስጠኛ ግድግዳ ነው። እዚያ ላይ የሚጋገረው ቅባታማ ቡናማ ሽፋን ከሥር የሚመጣውን አረፋ ያፈርሰዋል። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ዋንጫውን ነቅለው፣ ይዘቱን ሽንት ቤት ደፍተው፣ አንገቱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የፈላ ውኃና አልኮል አያስነኩት፤ አክሪሊኩ ይሰነጣጠቃል።

በወር አንድ ጊዜ የአየር መግቢያውን ያጥቡ። አየር ከውኃ በሚገናኝበት ጠባብ አፍ ላይ ጨው ይደርቅና ቀስ በቀስ ይዘጋዋል፤ ስኪመሩ እየደከመ ሲሄድ ሰው ፓምፑን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሩዝ ፍሬ የማታህል የጨው ቅርፊት ናት። ስኪመሩ እየሠራ ሳለ የቱቦውን ጫፍ ለብ ያለ የአርኦ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ለአፍታ ያስገቡት፤ ራሱ ይስበዋል፣ ጨውም ይሟሟል። ለጥቂት ደቂቃ አረፋው ይረበሻልና ዋንጫውን ባዶ አድርገው ይጀምሩ።

በየሦስት ወሩ ፓምፑ ይፈታል። ከሶኬት ይንቀሉት፣ ከስኪመሩ ያላቅቁት፣ ፊቱን ከፍተው ኢምፔለሩን በዝግታ ይሳቡ፤ ማግኔቱ ስለሚይዘው ትንሽ ይታገላል። ዘንጉ ሴራሚክ ከሆነ በቀላሉ ስለሚሰበር ቀጥ አድርገው እንጂ አዘንብለው አይጎትቱ። ነጭና ሐምራዊ ቅርፊት ያያሉ፤ ነጩ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ሐምራዊው ድንጋይ ላይ የሚያድገው አልጌ ነው። ሁሉንም ግማሽ በግማሽ በተቀላቀለ አቼቶና ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉ። ወዲያው ይፍለቀለቃል፤ ድምፁን ጆሮ ጠጋ ብሎ ይሰማዋል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲበርድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥርሶቹን፣ ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳና የፓምፑን ጉድጓድ ይፈትጉ። ካለቀለቁ በኋላ ገጥመው ያስነሱትና የአየር ቱቦውን ጫፍ በጣትዎ ይዝጉ፤ ጣትዎን ጠበቅ አድርጎ ከሳበው ፓምፑ ጤነኛ ነው።

ሲያስቸግር

ዋንጫው ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ስስ ሻይ ከመሰለ ብዙ የጨው ውኃ አብሮ እየወጣ ነው፤ የአረፋውን መስመር ዝቅ ያድርጉና በጎደለው ልክ የጨው ውኃ ይመልሱ። ጠቆር ያለ፣ ወፍራምና የሚከረፋ ከሆነ ጥሩ ነው።

አረፋው በድንገት ከጠፋ አስቀድመው እጅዎን ያስቡ። ክትፎ የበላ፣ ቅባት የተቀባ ወይም ጸጉሩን ቅቤ ያደረገ ሰው እጁን ገንዳ ውስጥ ከከተተ አረፋው ለሰዓታት ይሞታል፤ በራሱም ይመለሳል። ቅባት የበዛበት የዓሣ ምግብም ያው ነው። እነዚህ ካልሆኑ የአየር አፉን፣ ቀጥሎ ጨዋማነቱን ይመርምሩ፤ በሺህ 35 መሆን አለበት። ሁሉም ደህና ሆኖ አረፋ ከሌለ ምናልባት ውኃው የሚገፈፍ ነገር የለውም፤ ያ ችግር አይደለም።

ያለማቋረጥ ከገነፈለ ደግሞ ውኃው ውስጥ የገባ ነገር አለ፦ አዲስ የኮራል ማጣበቂያ፣ የክሎር ማጥፊያ ፈሳሽ፣ መድኃኒት። ዋንጫውን ነቅለው ስኪመሩ አየር ብቻ እያቀላቀለ እንዲሠራ ይተዉት፤ በአንድ ሁለት ቀን ይረጋጋል። ሙሉ በሙሉ አያጥፉት።

ለበዓል ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው አንገቱን ያጽዱ፣ የአረፋውን መስመር በአንድ ሴንቲሜትር ዝቅ ያድርጉ፣ ጀሪካኑን ባዶ ያድርጉ። በመጨረሻው ቀን ምንም አይንኩ፤ አዲስ የተነካ ስኪመር ባህሪው አይታወቅም። ቤት ለሚጠብቀው ሰው የስኪመሩን ሶኬት በቀይ ፕላስተር ምልክት ያድርጉበትና አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩት፦ ጀሪካኑ ከሞላ ይህን ንቀል፣ ለእኔ ደውል፣ የአየር ፓምፑን ግን አትንካ።